የአውስቲን የአንገት ክር

ግሌንካራ፣ ሜይ 21 ቀን 1951

ለእህቴ ለኦኖር፣

እንደምን ከርመሻል? ቴሌግራሙ አስደንግጦሽ ከሆነ ይቅር በዪኝ። «በሕይወት ነው ወይስ ሞቶ?» ብለሽ ጽፈሻል። እኔ እኮ «አውስቲን ተገኘ» ካልኩ ይበቃል ብዬ ነው። ፖስታ ቤት ያለችውን ሴትዮ ታውቂያታለሽ፤ አንድ ቃል ብጨምር አንቺ ጋ ሳይደርስ እሷ ቤት ለቤት ታዳርሰው ነበር። ሞቶ ነው እህቴ። እንግሊዞች ወጥተው እርስ በርሳችን በተፋጀንበት በዚያ ብርድ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ከደጃፋችን የወሰዱት ልጅ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ሌላ እንዴት ሆኖ ይገኛል?

ለብርዱ አድርቀን የምናነደው የረግረግ የማገዶ አፈር ሲቆረጥ ነው የወጣው። አባባ ለክፉ ዓመት ብሎ ያቆየውን የረግረጉን ጥግ ዘንድሮ ከፈትነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር፤ የማክሄል ልጆች አካፋ ይዘው፣ እኔ ሻይና ዳቦ ይዤ። ትልቁ ማክሄል ከቁመቱ በላይ ጠልቆ ሲቆርጥ አካፋው ለስላሳ ነገር ነካ። ከዚያ ጆሮ አየ። አካፋውን ጥሎ፣ አገር ላይ ቄስ የጠፋ ይመስል «ዴሊያ ነዪ! ዴሊያ ነዪ!» እያለ እኔን ተጣራ።

ኦኖር፣ ፊቱ እንዳለ ነው። ጠቁሯል እንጂ ሽፋሽፍቱ እንኳ አልረገፈም። ፀጉሩ ቀይ ነው፤ ያው የአውስቲን ቀይ። አንገቱ ላይ ክር አለ፣ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። እማዬ የሰፋችለት የእመቤታችን የአንገት ክር ነዋ፤ በደረትና በጀርባ የሚንጠለጠሉት ሁለቱ ቡናማ ጨርቆች በስብሰው ክሩ ብቻ ቀርቷል። እማዬን በአህያ ጋሪ አመጣናት። ተንበርክካ እጁን ያዘች፣ መዳፉን ገልብጣ ብዙ አየችው፣ በአውራ ጣቷ አሸችው። ከዚያ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና «ልጄ ነው፤ ቤት አስገቡት» አለች።

ቤት አስገባነው። እንደ ለቅሶ ወጋችን ሰዓቱን አቆምኩ፣ መስተዋቱን ሸፈንኩ፣ እግሩን በገዛ እጄ አጠብኩ። አገሩ ሁሉ መጣ። እሱ ከተወሰደ ወዲህ ደጃችንን ያልረገጡት ሳይቀሩ ገቡ፣ ትንባሆ አጨሱ፣ መቁጠሪያ ደገሙ። እማዬ ግን በሰው ፊት አሳፈረችኝ። ሬሳው አጠገብ ያደረግሁላትን ወንበር አዙራ፣ ለልጇ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በሩን ስታይ ቆየች። የሚገባውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ታያለች። እንባ የሚባል የለም። «እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?» ብላት «እኔም እሱን ነው የምጠብቀው» አለችኝ። አርጅታለች ብዬ ተውኳት።

የመቃብሩ ቀን ተቆርጦ ነበር። የፖሊስ ሳጅኑ ግን ለደብሊን ስልክ ደውሎ ኖሮ የሙዚየም ሰዎች መጡ። አባ ኮንዌይ «ተመርምሮ ይመለሳል» አሉን። በራሱ በረግረጉ አፈር ሸፍነው፣ በሳጥን አድርገው ወሰዱት። እማዬ «ከልጄ ጎን ካልሆነ እንዳትቀብሩኝ» ትላለች፤ ይመለሳል ማለታቸው አልገባትም መሰለኝ። አንቺ እዚያው ነሽና ሂጂ፣ እዪው። ወንድምሽ በማያውቃቸው ሰዎች መሃል ብቻውን ነው።

እህትሽ ዴሊያ


ደብሊን፣ ጁን 8 ቀን 1951

ለእትዬ ዴሊያ፣

መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። አሠሪዬ የዶክተሩ ሚስት እንግዳ በዝቶባት ከወጥ ቤት አልወጣሁም። ይኼ ሰበብ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ።

አየሽው ወይ ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሻል። አይቼዋለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዕረፍቴ ስለሆነ ያኔ ነው የሄድኩት። ቀዝቃዛ ክፍል ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። እርጥብ ጨርቅ አልብሰውታል። ሚስተር ሃኬት የሚባል የሙዚየሙ ሰው ነው የሚመረምረው፤ የተኛ ሰው አጠገብ እንዳለ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ደግ ሰው ይመስለኛል። «እህቱ ነኝ» ስለው ወንበር አመጣልኝ። አዎ፣ ፀጉሩ ቀይ ነው።

ስወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወንዙ ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ። እዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የምነግረው አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ወጥ ቤት ያለችው ልጅ «ፊትሽ ምን ሆነ?» አለችኝ፤ ጉንፋን ነው አልኳት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ስሙን ገና አታስቀርጹ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ለድንጋይ ጠራቢው ዝናብ ነው በዪው፣ ይኼ መቼም ውሸት አይሆንም። ሌላም ልጠይቅሽ፤ የአውስቲን እጅ እንዴት ነበር? እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ሳቁን እንጂ እጁን አላስታውስም።

እማዬን ሳሚልኝ።

ኦኖር


ግሌንካራ፣ ጁን 30 ቀን 1951

ለኦኖር፣

እጁ እንዴት ነበር ትያለሽ? እጅ ነበር። እንደ ሁላችን የተሰነጣጠቀ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ማገዶ አፈር ያገላበጠ እጅ። ቀኝ መዳፉ ላይ አካፋው ያወጣበት እንደ ጠጠር የደደረ ነገር ነበረው፤ ጉንጬ ላይ እያሸ ያስጮኸኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ምን አመጣው? ዙሪያውን አትዙሪብኝ። የምትይው ካለ በዪው። ከከተማ የተማርሽው መደባበቅ ብቻ ነው?

እማዬ ደህና ናት ብልሽ እዋሻለሁ፤ ታማለች ብልሽ ደግሞ ድንች ስትልጥ ብታዪያት ትስቂብኛለሽ። ሳሏ ግን አልለቀቃትም። «መቼ ነው የሚመልሱት?» ብላ አትጠይቅም፤ እኔ ነኝ የምጠይቅላት።

የዚህ ሰሞን አዲስ ነገር ፓኪ ሩዋን ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ወንደላጤ፣ ከአውስቲን ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማረው። ለቅሶው ጊዜ በሩ ላይ ኮፍያውን ጨብጦ ቆሞ፣ ሳይንበረከክ ነው የሄደው። አሁን ማንም ሳይጠራው በየጠዋቱ እየመጣ ማገዶአችንን ያገላብጥልናል፣ የፈረሰ ካብ ይክብልናል። እማዬ ሻይ ትሰጠዋለች። እሱ ይጠጣል፣ እሷ ታየዋለች፣ አንድም ቃል አይለዋወጡም። እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ ስለ አየሩ ብቻዬን ሳወራ እብድ መስዬ ዋልኩ።

አንድ የሚያስቅሽ ነገር ልንገርሽ። ያን የሚያህል ሰውዬ ደጋጎቹን ሰዎች፣ እንዳይቆጡን በዚህ ስም የምንጠራቸውን የማይታዩትን ፍጡራን፣ ይፈራል። አህያዋን ይዞ ከረግረጉ ሲመለስ በእነሱ ዛፍ፣ በብቸኛዋ እሾህ ዛፍ በኩል አያልፍም። ጭነት ይዞ ዳገቱን ይዞራል። እኔም ዛፏን አልነካም፣ የሚነካም አላውቅም፤ በአጠገቧ ማለፍ ግን ሁላችንም እናልፋለን። «ይይዙሃል ብለህ ነው?» ብዬ ብቀልድበት ፊቱ ነጣ። እማዬ «ተዪው» አለችኝ፣ በቁጣ።

እውነቱን ጻፊልኝ።

ዴሊያ


ደብሊን፣ ጁላይ 20 ቀን 1951

ለእትዬ ዴሊያ፣

እሺ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ እማዬ በሌለችበት።

አውስቲን አይደለም።

ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ ነግረውኛል። አንድ ሰው ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ያወቀውን ነገር ለብቻው ይዞ መዋል ምን እንደሚመስል እንዳልነግርሽ፣ አንቺ ደግሞ ከኔ የባሰ ብቻሽን ነሽ። ሚስተር ሃኬት እንደሚለው ሰውዬው ክርስትናን ካመጣልን ከቅዱስ ፓትሪክ በፊት የነበረ ነው፤ ከክርስቶስም በፊት። ከላዩ ያለው አፈር ሁሉ እሱ ከተኛ በኋላ የበቀለ ነው። ፀጉሩን ያቀላው ረግረጉ ነው። እኔና አንቺም እዚያ ብንተኛ ቀይ ሆነን እንወጣ ነበር።

ክሩ የእመቤታችን ክር አይደለም። ከቀጭን የዛፍ ልምጭ የተጠመዘዘ ገመድ ነው። በሱ ነው ያነቁት። «ማን?» ብዬ ጠየቅሁት። «የገዛ ሰዎቹ ይመስለኛል» አለኝ። ሃኬት የሚለው ይኼን ነው፦ የዚያ ዘመን ሰዎች ከብት ነበራቸው፣ ገብስ ይዘሩ ነበር፣ ንጉሣቸው ከምድሪቱ ጋር የተጋባ ያህል ነበር። ላሞቹ ወተት ከነፈጉ፣ ገብሱ ከተበላሸ ጥፋቱ የባልየው የንጉሡ ነው። ያኔ ለረግረጉ ይሰጡታል፣ በሁለት አገር ድንበር ላይ። «ሊሆን ይችላል ነው እንጂ ማን አየ?» ብሎ ይጨምርበታል። ከሱም በፊት፣ ረግረጉ ራሱ ሳይኖር፣ ሌሎች ሰዎች እዚያው እኛ ቤት አጠገብ እርሻቸውን በድንጋይ ካብ ከፋፍለው ይኖሩ ነበር አለኝ። ካቡ ዛሬም ከሥር አለ ይላል። እኛ ከላዩ ሌላ ካብ እንክባለን።

እጁን አሳየኝ። ዴሊያ፣ እንደ ዶክተሩ ሚስት እጅ ነው። ጥፍሩ የተከረከመ፣ መዳፉ የለሰለሰ። ለዚህ ነው የጠየቅሁሽ።

«እኛ ታዲያ የነዚህ ሰዎች ልጆች ነን?» አልኩት። «የማን እንሆናለን ታዲያ?» አለ። ቀጥሎም «ግን የሱ አይመስለኝም። ገመዱን የያዙት ብዙ ናቸው፣ እሱ አንድ ነው። የነሱ ልጆች ሳንሆን አንቀርም» አለኝና ሻዩን ጠጣ። ቤቴ ገብቼ በር እስክዘጋ ድረስ ይህ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም።

ሐሙስ ሐሙስ አሁንም እሄዳለሁ። የሚጠይቀው ሰው የለም፣ እኔም የምጠይቀው ሰው የለኝም። ያልተጠመቀ ሰው ነው፣ ጸሎት ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም፤ ግን አንዴ «ሰላም ለኪ» እልለታለሁ።

ለእማዬ አትንገሪያት። አንዴ አጥታዋለች፤ እንደገና አናጥፋባት።

ኦኖር


ግሌንካራ፣ ኦገስት 14 ቀን 1951

ለኦኖር፣

አይ፣ አልነገርኳትም። «ነገርሻት ወይ?» እያልሽ በየደብዳቤው አትነዝንዢኝ። የምነግራት ምን ብዬ ነው? ልጅሽ እንደገና ጠፋ ልበላት?

ደብዳቤሽን ላም ማለቢያው ውስጥ ነው ያነበብኩት። በመጀመሪያ የመጣብኝ ኀፍረት ነው። የማን እግር ነበር ያን ያህል በእንባ ያጠብኩት? ሃያ ስምንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ለቅሶ ለአንድ አረመኔ ንጉሥ አፈሰስኩት። አሁን አውስቲን ራሱ ቢመጣ እንኳ የቀረኝ እንባ ያለ አይመስለኝም። በኋላ ደግሞ ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ላሟ ባልዲውን ስትደፋው እሷን ሰደብኳት።

ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ጋዜጣውን ፍራሼ ሥር ደብቄዋለሁ። የሰዉን አፍ ግን የት እደብቀዋለሁ? እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ትልቁ ማክሄል «ዴሊያ፣ ወንድምሽ ከቅዱስ ፓትሪክ ይበልጣል አሉ፤ እንግዲህ ጡረታ ይገባዋል» አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ፓኪ ሩዋን ብቻ አልሳቀም፤ ብስክሌቱን ይዞ በጓሮ በኩል ሄደ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤትም አልመጣም። የቀረውን ማገዶ ብቻዬን ነው ያስገባሁት። ከእሱ ዝምታ ጋር ተላምጄ ኖሮ ቤቱ ጭር አለብኝ፤ ለማንም እንዳትነግሪ።

እማዬ ደክማለች። ትናንት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ለሙታን ዕለት የአውስቲንን ወንበር ከእሳቱ ዳር አድርጊ።» ታስታውሺያለሽ አይደል፣ በየኖቬምበሩ ሙታን ሌሊት ወደ ቤታቸው ይመጣሉ ብለን ለአባባ ወንበር ስናወጣ፣ በሩን ሳንቀረቅር ስንተኛ፣ ለአውስቲን ግን «ያልሞተ ሰው ወንበር አይወጣለትም» ብላ ትቆጣን ነበር። አሁን አምናለች ማለት ነው። ልጇ ባልሆነ ሰው አምናለች። ይኼን ውሸት ይዤ ወደ መቃብሯ ልሸኛት ነው?

ዴሊያ


ደብሊን፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1951

ለእትዬ ዴሊያ፣

ለሙታን ዕለት መምጣት አልችልም። ለምኛለሁ፤ ዶክተሩ ታመዋል፣ ሚስትየው «በዚህ ሰዓት ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?» አለችኝ። ለእማዬ ብርድ ልብስ ልኬያለሁ፤ ውድ አይደለም፣ እንዳትቆጣ።

ወንበሩን አውጪላት። እውነት ይሁን ውሸት፣ ባዶ ወንበር ማንንም አይጎዳም። እኔም እዚህ ክፍሌ ውስጥ ያለችኝን አንድ ወንበር አወጣለሁ፣ እኔ አልጋ ላይ እቀመጣለሁ። ማን እንደሚመጣበት እንጃ። የሚመጣ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ኦኖር


ግሌንካራ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1951

ለእህቴ ለኦኖር፣

«ነዪ» ብዬ ቴሌግራም የላክሁት እማዬ ሞታ አይደለም። መልስሽ እንባ የነካው ነው አለችኝ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ፤ ቴሌግራም ላይ እንባ እንዴት እንዳየች እሷ ታውቃለች። ያስደነገጥኩሽ ሁለተኛ ጊዜ ነው፤ ይቅር በዪኝ። እማዬ ተነሥታ እየሰፋች ነው። አሁን እንደሆነው አድርጌ ልንገርሽ።

የሙታን ዕለት አመሻሹ ላይ ድንቹን በሽንኩርትና በቅቤ ፈጨሁ፣ እሳቱን አነደድኩ፣ የአባባንና የአውስቲንን ወንበሮች አወጣሁ። በሩን ገርበብ አደረግሁት። እማዬ ባንቺ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ገና ጨለም እንዳለ በሩ ተገፋ። ፓኪ ነው። ጫማውን ጠረገ፣ ኮፍያውን አወለቀ። «ፓኪ፣ እዚህ ጋ» ብዬ የኔን ወንበር ሳሳየው አልፎኝ ሄደና የአውስቲን ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሕይወት ያለ ሰው እዚያ ላይ አይቀመጥም፣ እሱም ያውቃል።

እማዬ «ዴሊያ፣ ውኃ ቅጂ» አለች።

«ባልዲው ሙሉ ነው።»

«ድፊውና ቅጂ።»

ደፋሁትና ወጣሁ። ምንጩ ጋ ቆሜ ሁለት መቁጠሪያ ደገምኩ። ስመለስ ፓኪ የለም። ድንቹ አልተነካም። እማዬ እሳቱን እያየች «ከእሾህ ዛፏ ሥር ነው» አለችኝ።

ኦኖር፣ የወሰዱት ሰዎች አውስቲንን እዚያ ለምን እንደቀበሩት ገባኝ። አገር ምድሩ ሁሉ ከሚፈራት ዛፍ ሥር ማን ይቆፍራል? በየቀኑ በአጠገቡ አልፈናል። እኔ ከነላሞቼ፣ ከነዘፈኔ።

«እንዲሁ ብጠራቸው ሁሉም እቤቴ መቼ ይመጣልኝ ነበር?» አለችኝ እማዬ። «እጁን እንደያዝኩት ነው ያወቅሁት። ያ ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን አካፋ አልነካም። የልጄን መዳፍ አላውቅምና ነው? ግን ለቅሶ ቢሆን ሁሉም ይመጣል ብዬ አሰብኩ። መጡ። የሚገባው ሁሉ አስቀድሞ የሬሳውን ፊት ያያል፤ እሱ ነው አይደለም ይላል በሆዱ። ፓኪ ግን ሬሳውን አላየም። እኔን ነው ያየኝ። ልጄ ያለበትን የሚያውቅ ሰው የዚያን ሬሳ ፊት ለምን ያያል?» ጋዜጣውንም እሳት ማቀጣጠያ እንዳደርገው ነገረችኝ፤ ፍራሽ ስታገላብጥ አግኝታው ኖሯል። ለካ ስንት ወር እኔ እሷን ስጠብቅ እሷ እኔን እየጠበቀችኝ ነበር።

ፓኪ ምን እንዳደረገ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ያን ጊዜ ፋኖስ ብቻ ይያዝላቸው ወይስ ሌላም ያድርግ፣ አልነገረችኝም። ለመንኳት፣ ጮኽኩባትም። «እኔ የጠየቅሁት ቦታውን ነው» አለች። ከዚያ በኋላ፣ ኦኖር፣ አለቀሰች። እንደ ልጅ። የቀረኝ እንባ የለም ብዬሽ ነበር፤ ነበረኝ።

አባ ኮንዌይና ሳጅኑ ያውቃሉ። ቅዳሜ ይቆፈራል። የማክሄል ልጆች ዛፏን አንነካም ብለዋል፣ አልፈርድባቸውም። ፓኪ ራሱ ነው የሚቆፍረው። ሰው ምን ይላል ብላት «ደጋጎቹ ሰዎች እስከ ዛሬ ጠብቀውልኛል፣ አሁን ይመልሱልኛል» አለች። ዶክተሩ ይዳኑም ይሙቱም፣ ቅዳሜ እዚህ ሁኚ። ድንጋይ ጠራቢው ዝናቡ አባርቶለታል።

እማዬ የአንገት ክር እየሰፋች ነው አልኩሽ፣ ቡናማውን። የአውስቲንን ጨርሳለች። አሁን ሁለተኛውን ይዛለች። «ይኼ የማን ነው?» ብላት «ደብሊን ላለው ለዚያኛው ልጅ ነው» አለችኝ። የሙዚየም ሰዎቹ አንገቱ ላይ እንደማያደርጉለት ነግሬያታለሁ። ግድ የለም፣ ኦኖር ሐሙስ ሐሙስ ስትሄድ ኪሷ ውስጥ ይዛ አጠገቡ ትቁም አለች። እሱ ባይመጣ የኔ አይገኝም ነበር ትላለች። መሄድሽን እንዳትተዪ፣ ማንም የለውም።

ዴሊያ